ባዶ የቀረ የዳኛ ወንበር
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ነገር በመጀመሪያ ሲሰማ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ይመስላል። ይኸውም አንድ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የአገልግሎት ዘመኑን ፈጽሞ በጡረታ ሲሰናበት፣ በወንበሩ ላይ ማን ይቀመጥ የሚለው ነው። ብዙዎቻችን ይህ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ሥራ ነው ብለን እናልፈዋለን። የመሸኛ ግብዣ ይደረጋል፤ ካባ ይደረባል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ሽማግሌው ዳኛ እንባ እየተናነቃቸው ምስጋና ያቀርባሉ፤ ከዚያም እንግዳው ሁሉ ወደየቤቱ ይበተናል። ዋናው ነገር የሚጀምረው ግን በዚያው ምሽት ነው። እንግዶቹ ደረጃውን ወርደው ሳይጨርሱ፣ «ለመሆኑ ማን ይተካቸው ይሆን?» የሚል ሹክሹክታ ይነሣል። እኔም የምናገረው ስለዚሁ ሹክሹክታ ነው።

አስቀድመን ግን ወንበሩ ባዶ ሲሆን ማን እንደሚጎዳ እንመልከት። እስቲ በሐሳባችን ወደ መንዝ እንውጣ። በጌራ ምድር፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር የሚኖሩ አንዲት ባልቴት አሉ እንበል። ባለቤታቸው ሲሞቱ የተዉላቸው ጥቂት የገብስ ማሳና አንድ የይዞታ ደብተር ነው። የሟቹ ወንድም ማሳው ለእኔ ይገባል ብሎ ገብቶ ያርሳል። ነገሩ ወረዳ ፍርድ ቤት ቀርቦ ተፈረደባቸው፤ እርሳቸውም ይግባኝ አሉ። ይግባኙ የሚሰማው በደብረ ብርሃን በሚያስችለው በሰሜን ሸዋ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው።

ቀጠሮው ሲደርስ ባልቴቲቱ አንድ በግ ይሸጣሉ። ገንዘቡን በመቀነታቸው ቋጥረው፣ ስንቃቸውን ይዘው፣ በውርጭ ሌሊት ይነሣሉ። በሞላሌ አድርገው ጣርማ በር፣ ከጣርማ በርም ደብረ ብርሃን ይደርሳሉ። ባለፉት ዓመታት በጦርነትና በግጭት መንገድ በተዘጋባቸው ወራት ይህ ጉዞ ጨርሶ የማይሞከር የሆነበት ጊዜ እንደ ነበረ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። እንግዲህ መንገዱ ተከፍቶ፣ መኪናው ተገኝቶ፣ ከችሎቱ ደጃፍ ሲደርሱ የችሎቱ ጸሐፊ መዝገባቸውን ገልጦ፣ «እናቴ፣ ዳኛው በጡረታ ተሰናብተዋል፤ ችሎቱ አልተሟላም፤ ለሌላ ቀን ተቀጥሯል» ይላቸዋል። ጸሐፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ የነገራቸውም እውነቱን ነው። ለእርሱ ይህ በመዝገብ ላይ የሚጻፍ አንድ መስመር ነው። ለእርሳቸው ግን አንድ በግ ነው። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ ሌላ በግ ይሸጣል። በዚህ ሁሉ መካከል ማሳው በባላንጣቸው እጅ ይታረሳል፣ ይዘራል፣ ይታጨዳል።

እንግዲህ ባዶ ወንበር ዝም ብሎ ባዶ አይደለም። ባዶ ወንበር ራሱ ይፈርዳል፤ የሚፈርደውም ሁልጊዜ ማሳውን በእጁ ለያዘው ሰው ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ከዚህ ይጠልቃል። ባልቴቲቱ ወደ መንደራቸው ሲመለሱ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ የሚጠይቃቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ «አዲሱ ዳኛ የማን ሰው ነው?» ይላቸዋል። ሕግ ያውቃል ወይ? ነገር አጣርቶ ይሰማል ወይ? ጉቦ ይጸየፋል ወይ? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የማን ሰው ነው የሚለው ጥያቄ ከቀደመ፣ ዳኛው ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ፍርዱ ተጠርጥሯል ማለት ነው።

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ደገኛ ለሙግት እንግዳ አይደለም። ርስቱን በቃል የዘር ሐረግ እየቆጠረ፣ ዋስ እየጠራ፣ ተጠየቅ እየተባባለ የኖረ ሕዝብ ነው። በቀድሞው ዘመን ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ቢጣሉ፣ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው ያገኙትን መንገደኛ ዳኝነት ይለምኑ ነበር። ያ መንገደኛ የመንገድ ዳኛ ይባላል። መንገደኛው ምናልባት ስለ ሕግ ብዙ አያውቅም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር ነበረው፤ በነገሩ ውስጥ አልነበረበትም። ከሁለቱም ጋር አልበላም፤ ከሁለቱም ጋር አልተጣላም። አባቶቻችን የዳኝነትን የመጀመሪያ ሚስጥር በዚህ አውቀውታል። ዛሬ እኛ በከተማ ተቀምጠን፣ ወረቀትና ማኅተም ይዘን፣ ይህን ሚስጥር እንዳንረሳው ያስፈራል።

በአገራችን ዳኛ የመሾሙ ሥልጣን ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ተላለፈ በአጭሩ እናስታውስ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርዱን ሥራ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ሰጡ። አፈ ንጉሥ ማለት የንጉሥ አፍ ማለት ነው፤ ስሙ ራሱ ፍርድ ከማን እንደሚመነጭ ይናገራል። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤትን፣ ከፍተኛ ፍርድ ቤትንና ከእነርሱ በታች ያሉትን ፍርድ ቤቶች በደረጃ አቋቋመ። ነገር ግን በየግዛቱ አገረ ገዥው ራሱ የፍርድ ቤቱ ሰብሳቢ ይሆን ነበር። ስለዚህ ገዥው ሲሻር ዳኛውም ይሻራል፤ ገዥው ሲሾም ዳኛውም ይሾማል። ግብር የሚያስከፍለውና ስለ ግብር የሚፈርደው አንድ ሰው ከሆነ፣ ባላገሩ አቤት የሚለው ወደ ማን ነው?

በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት፣ ዳኞች በፍርድ ሥራቸው ከሕግ በቀር ለሌላ ሥልጣን እንዳይገዙ ደነገገ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሹመቱ ግን የንጉሠ ነገሥቱ ሆኖ ቀጠለ። ከ1967 ወዲህ ደግሞ ወታደራዊው መንግሥት ልዩ የጦር ፍርድ ቤት አቋቋመ። ይህ ሌላ ዓይነት ዘዴ ነው። የመደበኛውን ዳኛ ወንበር ሳይነቀንቁ፣ ነገሩን ብቻ ከፊቱ አንሥቶ ወደ ሌላ ቤት መውሰድ ነው። ከዚህ ሁሉ ትምህርት የተነሣ፣ በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት የመደበኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን የሚነጥቅ ልዩ ወይም ጊዜያዊ ፍርድ ቤት እንዳይቋቋም ከለከለ። ዳኛም ከማናቸውም የመንግሥት አካል፣ ከባለሥልጣንም ሆነ ከሌላ ወገን ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ በሕግ ብቻ እንዲመራ አዘዘ።

አሁን የተተኪውን መንገድ ልብ ብለን እንከተል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማሉ። በዚህ መንገድ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ጥቅምት 22 ቀን 2011 ተሾሙ፤ ሥራቸውን ሲለቁም ጥር 9 ቀን 2015 በቦታቸው አቶ ቴዎድሮስ ምሕረት ተሾሙ። ይህ የላይኛው ወንበር ነው፤ ጋዜጣ ይጽፍለታል፤ ሬዲዮም ያወራለታል።

የባልቴቲቱን ይግባኝ የሚሰማው የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ግን በሌላ መንገድ ይመጣል። ዕጩውን የሚያቀርበው የክልሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው፤ የሚሾመው የክልሉ ምክር ቤት ነው። ጉባኤው ስሙን ለምክር ቤቱ ከማቅረቡ በፊት፣ የፌዴራሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ስለ ዕጩው ያለውን አስተያየት መጠየቅና ከራሱ ሐሳብ ጋር አያይዞ ማቅረብ አለበት። የፌዴራሉ ጉባኤ በ3 ወር ውስጥ ካልመለሰ፣ ምክር ቤቱ ሹመቱን ማጽደቅ ይችላል።

ለክልል ዳኛ የፌዴራሉ አስተያየት ለምን አስፈለገ? የሚል ሰው ይኖራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከራሱ ሥልጣን በላይ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ በውክልና ተሰጥቶታል። ስለዚህ በደብረ ብርሃን የተቀመጠው ዳኛ በአንድ ወንበር ሁለት ሥልጣን ይሠራል። የአንድ አውራጃ፣ የአንድ ወንዝ ወይም የአንድ ጽሕፈት ቤት ሰው ሊሆን አይችልም።

ሕጉ ይህን ያህል ካሰበበት፣ ሹክሹክታው ከየት መጣ? እኔ በሦስት ዓይነት እመድበዋለሁ።

የመጀመሪያው የወንዝ ሹክሹክታ ነው። «ያለፉት ዳኛ የመርሐ ቤቴ ነበሩ፤ አሁን ተራው የመንዝ ነው» ይላል አንዱ። «የለም፣ የተጉለት ነው» ይላል ሌላው። በዚህ አነጋገር ውስጥ ጥቂት እውነት መኖሩን አልክድም። የደጋውን ኑሮ፣ የአጥር ግቢውን ልማድ፣ የማሳውን ድንበር ምልክት የሚያውቅ ዳኛ ነገሩን ቶሎ ይረዳል። ነገር ግን አገሩን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ የአገሩ ወገን መሆን ሌላ ነገር ነው። አገሩን ያላወቀ ዳኛ በሥራ ይማረዋል። ወገን ሆኖ የመጣ ዳኛ ግን ወገንተኝነቱን ማን ያስተወዋል? ደግሞስ የመንዝ ሰው ከመንዝ ሰው ጋር ሲሟገት የወንዙ ልጅ ለየትኛው ሊያዳላ ነው? ያን ጊዜ ሹክሹክታው ከአውራጃ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ጎጥ፣ ከጎጥ ወደ ቤተ ዘመድ ይወርዳል፤ ማቆሚያ የለውም።

ሁለተኛው የሹም ሹክሹክታ ነው። ይህኛው በስልክ ይነገራል። «እገሌ ከእኛ ጋር ተግባብቶ ይሠራል፤ ለሥራው ይመቻል» ይባላል። ይህ ቃል ለስላሳ ነው፤ ውስጡ ግን መርዝ አለበት። ዳኛ ለአስተዳደሩ እንዲመች አልተፈጠረም። አስተዳደሩ ራሱ ተከሳሽ ሆኖ የሚቀርብበት ቀን አለና። መሬቱ ያለ ካሣ የተወሰደበት ገበሬ፣ ያለ ሕግ የታሰረ ወጣት፣ ያለ አግባብ ከሥራው የተባረረ የመንግሥት ሠራተኛ በመጨረሻ የሚያንኳኩት የዳኛን ደጅ ነው። ዛሬ «የሚመች ሰው» እንዲሾም ስልክ የሚደውል ባለሥልጣን ነገ ከወንበሩ ሲወርድ፣ እርሱም በዚያው በሚመቸው ሰው ፊት እንደ ተራ ሰው ይቆማል። ያን ጊዜ ዳኛው የሚመቸው ለአዲሱ ሹም ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አሮጌ ምክር አገራችንን ብዙ ጎድቷታል፤ ይልቅስ ሲሾም ነፃ ዳኛ ያላቆመ፣ ሲሻር የሚቆጨው እርሱ ነው።

ሦስተኛው ሹክሹክታ ድምፅ የለውም፤ ዝምታ ነው። «ለጊዜው ይቆይ፤ ይታሰብበት» እየተባለ ወንበሩ ይከርማል። ወንበርን ባዶ ማቆየት ራሱ ፖለቲካ ስለ መሆኑ ከሌላ አገር ምሳሌ ልስጥ። በአሜሪካ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የነበሩት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ በፈረንጆች አቆጣጠር በየካቲት 2016 ሞቱ። ፕሬዚዳንት ኦባማ ዳኛ ሜሪክ ጋርላንድን በመጋቢት ወር አጩ። በሴኔቱ ብዙውን ወንበር የያዘው ሌላው ወገን ግን ዕጩውን ለመስማት እንኳ ፈቃደኛ አልሆነም። ወንበሩ ከ1 ዓመት በላይ ባዶ ቆይቶ፣ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በሚያዝያ 2017 ለዳኛ ኒል ጎርሰች ተሰጠ። በዚያ አገር ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የጡረታ ዕድሜ አልተወሰነም። ስለዚህ ሽማግሌው ዳኛ በየትኛው ፕሬዚዳንት ዘመን ልውጣ ብሎ ማስላት ይችላል፤ ሕዝቡም የዳኛውን ጤና እንደ ምርጫ ውጤት ይከታተላል።

በእኛ ሕግ ግን የዳኛ ጡረታ ዕድሜ በሕግ የተወሰነ ነው። ዳኛው ከዚያ በፊት ያለ ከባድ ምክንያትና ያለ ሥርዓቱ አይነሣም፤ ከዚያም በኋላ ዘመኑ አይራዘምለትም። እንግዲህ ልብ በሉ! ዳኛው የሚሰናበትበት ቀን ድንገተኛ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት በግል ማኅደሩ ውስጥ ተጽፎ ይኖራል። የሠራተኛ መዝገብ የሚይዝ ማናቸውም ጸሐፊ ጣቱን አሳርፎ ሊያሳየው ይችላል። ቀኑ ከታወቀ፣ ዕጩ መፈለግም፣ አስተያየት መጠየቅም፣ ለፌዴራሉ ጉባኤ የሚሰጠው የ3 ወር ጊዜም ዳኛው ወንበሩን ሳይለቁ ሊፈጸም ይቻላል። የመሸኛው ግብዣ በተደረገ ማግሥት ተተኪው ችሎት ሊሰየም ይችላል። ይህ ካልሆነ፣ ወይ ስንፍና ነው፣ ወይ ፍላጎት ነው። ለባልቴቲቱ ሁለቱም አንድ ናቸው።

ከጎረቤታችን ከኬንያ ደግሞ ሌላ ትምህርት እንውሰድ። እዚያ ዳኞች በ70 ዓመት ጡረታ ይወጣሉ። የዳኞች አለቃ ዊሊ ሙቱንጋ በፈረንጆች 2016 ሥራቸውን ሲለቁ፣ ለቦታው የቀረቡት ሰዎች በዳኝነት አገልግሎት ኮሚሽን ፊት በግልጽ ተጠየቁ፤ ሕዝቡም ተከታተለው። በዚያው ዓመት ዴቪድ ማራጋ ተሾሙ። ይህ ሰው የሚመሩት ፍርድ ቤት በመስከረም 1 ቀን 2017፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 26 ቀን 2009፣ የራሳቸውን የሾማቸውን ፕሬዚዳንት የምርጫ ድል ሻረ። ምርጫው እንደገና ተደረገ። ፍርዱ ትክክል ነው አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል። ነገር ግን ዳኛው የማን ሰው እንደ ሆኑ ለሕዝብ ታየ፤ የሕግ ሰው ነበሩ። በብርሃን የተመረጠ ሰው በብርሃን ለመፍረድ ድፍረት ያገኛል።

ይህን የውጭ አገር ነገር ብለን እንዳንተወው፣ እንደገና ወደ መንዝ እንመለስ። የጓሳን የሣር ምድር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የአስቦና የጌራ ተወላጆች ያን ሰፊ ደጋ ለብዙ ትውልድ በጋራ ጠብቀውታል። ሣሩ እንዲያገግም ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ ከዚያ ለሁሉ በአንድነት ይከፈታል። ጥበቃውን የሚመራውንም ሰው ተጠቃሚው ሕዝብ ራሱ ይመርጠው ነበር። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲወጣ ያ ጥንታዊ ሥርዓት ፈረሰ፤ ይሁን እንጂ ሕዝቡ በኋላ በሌላ መልክ ጥበቃውን ቀጥሎ ጓሳን ለዛሬ አድርሶታል። ለሣር ጠባቂ የተጨነቀ ሕዝብ፣ ለፍርድ ጠባቂ በጓዳ የሚደረግ ሹመት ይበቃዋል ብሎ ማሰብ እርሱን መናቅ ነው።

አሁን ንግግሬን ወደ እናንተ፣ ወደ መንግሥት ሠራተኞች ልመልስ። «ዳኛ የሚሾመው ምክር ቤት ነው፤ እኛ ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ብዙ ያገባችኋል። ስለ አንድ ዕጩ አስተያየት ስትጠየቁ፣ የምታውቁትን እውነት በስማችሁና በፊርማችሁ ተናገሩ፤ በፊርማ ለመናገር የማትደፍሩትን በሻይ ቤት አታውሩት። የዕጩው ትውልድ መንደር ሲጠየቅ፣ እናንተ ደግሞ የጻፋቸው ፍርዶች ይነበቡ በሉ። ይግባኝ ተብሎባቸው ስንቱ ጸኑ? ስንቱ ተሻሩ? መዝገብ በእጁ ስንት ጊዜ ቆየ? ባለጸጋና ድኻ በፊቱ ሲቆሙ ፊቱ ይለዋወጣል ወይ? ይህ ሁሉ ሊመረመር የሚችል ነገር ነው፤ የማን ሰው ነው የሚለው ግን መጨረሻ የለውም።

በፋይናንስና በንብረት ክፍል የምትሠሩም ተጠንቀቁ። የክልል ፍርድ ቤቶች በጀት የሚወሰነው በክልሉ ምክር ቤት ነው። የተወሰነው ገንዘብ ለዳኛው ቤት፣ ለወረቀቱ፣ ለውሎ አበሉ ሲደርስ የምሕረት ስጦታ አይደለም። ዳኛን በቤት ኪራይና በመኪና ነዳጅ ደጅ ማስጠናት፣ ፍርዱን በዕቁብ እንደ መግዛት ይቆጠራል። ዘመዱ የተሾመለት ሰውም ደስታውን በቤቱ ያድርግ እንጂ ጉዳይ ይዞ ወደ ዘመዱ ጽሕፈት ቤት አይሂድ። ዘመድን መውደድ ማለት ከፈተና ማራቅ ማለት ነው።

አባቶቻችን «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላሉ። ይህ የቆየ ቃል የአገራችንን ሰው ጠባይ በሙሉ ይገልጻል። ሕዝባችን መረታትን ያውቃል፤ ነገሩን ተናግሮ፣ ተሰምቶለት፣ በሕግ ከተረታ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ይገባል። የማይችለው ሳይሰሙት መረታትን ነው። ያቺ የጌራ ምድር ባልቴትም ምናልባት በሕጉ ማሳው አይገባቸው ይሆናል፤ እኔ አላውቅም፤ እናንተም አታውቁም። ይህን ሊያውቅ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም በወንበሩ ላይ ሊቀመጥ የሚገባው ዳኛ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው የመሸኛ ግብዣ ላይ ጎረቤታችሁ ወደ ጆሯችሁ ጠጋ ብሎ፣ «ማን ይተካቸው ይሆን?» ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ ስም አትጥሩለት። «ዕጩው ለጉባኤው የቀረበው መቼ ነው? የሚቀጥለውስ ችሎት የሚሰየመው በስንት ቀን ነው?» ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁት። ባልቴቲቱ ሁለተኛውን በግ ከመሸጣቸው በፊት መልሱ ቢገኝ፣ ለሽማግሌው ዳኛ ከተደረበላቸው ካባ የሚበልጥ ክብር ይህ ነው።